ኢየሱስ ወደ ምድር የመጣው ለምንድን ነው? እርሱ ራሱ ያለውን እንነጋገርበት

ጠያቂው

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ያደግኩት በቤተ ክርስቲያን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬያለሁ፤ ጾሙንም ስግደቱንም አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን አማኝ ነኝ ለማለት አልችልም። የከበደኝን ልንገራችሁና እናንተ መልሱልኝ።

ከልጅነታችን ጀምሮ "ጌታ ለምን መጣ?" ስንባል መልሳችን አንድ ነው፦ ስለ ኃጢአታችን ሊሞት። እሺ። አሁን የማርቆስን ወንጌል አንስታችሁ በአንድ ቁጭታ አንብቡት። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ከአራቱ ቀድሞ የተጻፈው እርሱ ነው ይላሉ፤ ጊዜውንም እ.ኤ.አ. 70 አካባቢ ያደርጉታል። እዚያ ውስጥ ኢየሱስ መጀመሪያ የሚናገረው "ዘመኑ ተፈጸመ፤ የእግዚአብሔርም መንግሥት ቀርባለች" የሚለውን ነው። ከዚያ ይፈውሳል፣ አጋንንት ያወጣል፣ ከቀራጮች ጋር ማዕድ ይቀርባል። እንደሚሞት ደጋግሞ ይናገራል፣ አልክድም። ለምን እንደሚሞት የሚናገረው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ 10፥45 ላይ "ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ" ያለው ነው፤ ሌላው የመጨረሻው እራት።

"መጣሁ" ያለባቸውን ሌሎች ቦታዎችም ተመልከቱ። ልሰብክ (ማር. 1፥38)። ኃጢአተኞችን ልጠራ (ማር. 2፥17)። ሕግን ልፈጽም እንጂ ልሽር አይደለም (ማቴ. 5፥17)። የጠፋውን ልፈልግና ላድን (ሉቃ. 19፥10)። ጲላጦስ ፊት ቆሞ፣ መስቀሉ ሰዓታት ሲቀሩት፣ "ስለዚህ ተወልጃለሁ" ሲል እንኳ የሰጠው ምክንያት "ለእውነት ልመሰክር" የሚል ነው (ዮሐ. 18፥37)። ልሞት አላለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። "የመጣው ሊሞት ነው" የሚለው እርሱ ያመጣው ሐሳብ ነው? ወይስ ከሞተ በኋላ ያዘኑ ተከታዮቹ የደረሱበት መደምደሚያ ነው?

ጸጋ ብቻ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በአክብሮት ስላቀረብክ አመሰግናለሁ። እኔ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነኝ።

"በኋላ የደረሱበት" ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከማርቆስ በፊት የተጻፈ ነገር አለን። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው እ.ኤ.አ. 50ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። እዚያ ምዕራፍ 15 ላይ "እኔ ደግሞ የተቀበልሁትን" ብሎ ይጀምርና "ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ" ይላል። የተቀበልሁትን ነው ያለው። እርሱ የፈጠረው አይደለም፤ ከፊቱ የነበሩት ያስተላለፉለት ነው። ከማን ተቀበለው? ገላትያ 1፥18 ላይ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጴጥሮስ ዘንድ አሥራ አምስት ቀን እንደ ተቀመጠ ይነግረናል። የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቶታል። እንግዲህ ስለ ኃጢአታችን ሞተ የሚለው እምነት ጌታን በዓይናቸው ካዩት፣ አብረውት ከበሉት ሰዎች መካከል ነው የመጣው።

እነዚህ ሰዎች አይሁድ ናቸው። ኢሳይያስ 53ን ያውቁታል። "እርሱ ግን ስለ መተላለፋችን ቈሰለ፥ ስለ በደላችንም ደቀቀ።" ይህን ቃል ከባዶ ሜዳ አላመጡትም።

ማስረጃ ፈላጊ

እህቴ ጸጋ ብቻ፣ ቀደምት እምነት መሆኑን ማንም አይክድም። ቀደምት መሆኑ ግን ኢየሱስ ራሱ ብሎታል ማለት አይደለም። መሪያቸው በሮማውያን እጅ እንደ ዐመፀኛ ተሰቀለ። የክሱ ጽሑፍ "የአይሁድ ንጉሥ" የሚል ነው። እንዲህ ያለ ውርደት የደረሰበት ሰው ተከታዮች ወይ ይበተናሉ፣ ወይ ለሞቱ ትርጉም ይፈልጉለታል። እነርሱ ፈለጉለት፤ ከመጻሕፍታቸውም አገኙ።

ለእኔ ከባዱ ቃል ግን ሌላ ነው። ማርቆስ 9፥1ን አንብቡ። "በዚህ ከቆሙት ሰዎች የእግዚአብሔር መንግሥት በኃይል ስትመጣ እስኪያዩ ድረስ ሞትን የማይቀምሱ አንዳንዶች አሉ።" 13፥30 ላይ ደግሞ "ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ይህ ትውልድ አያልፍም" ይላል። ያ ትውልድ አለፈ። የሥነ መለኮት ምሁሩ አልበርት ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ትልቅ ጥናቱ ይህንን ፊት ለፊት ተናገረ። ኢየሱስ የዓለም ፍጻሜ ደጅ ላይ ነው ብሎ ያመነ ነቢይ ነበር፤ የጠበቀው ግን አልመጣም አለ። ዛሬም ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። የመጣበት ዓላማ መንግሥቲቱን ማብሠር ከነበረ፣ መንግሥቲቱም ካልመጣች፣ ስለ ዓላማው የምንከራከረው ምን ላይ ቆመን ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዕድሜ ስለምገፋ ልጆቼ ብላችሁ ቅር አትሰኙ። ያደግሁት አብነት ትምህርት ቤት ነው፤ አሁንም አስተምራለሁ።

በመጀመሪያ 9፥1ን ብቻውን አትቁረጡት። ቀጥሎ ያለው ቁጥር "ከስድስት ቀንም በኋላ" ብሎ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ወደ ረጅም ተራራ ይዞ እንደ ወጣ ይነግረናል። ልብሱ አንጸባረቀ፤ ሙሴና ኤልያስ ታዩ። እኛ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ብለን የምናከብረው ይህን ነው። ልጆች በየደጁ ቡሄ የሚሉበት በዓል ማለት ነው። አባቶቻችን "አንዳንዶች" የተባሉት እነዚያ ሦስቱ ናቸው፣ መንግሥቲቱንም በክብሯ ያዩት በዚያ ተራራ ነው ብለው ተርጉመዋል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ጠያቂው ልጄ መንግሥትንና መስቀልን እንደ ሁለት ዓላማ ለይቶ አስቀመጣቸው። በእኛ ዘንድ አልተለዩም። በፋሲካ ሌሊት ምን እንባባላለን? "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን። አሠሮ ለሰይጣን፤ አግአዞ ለአዳም።" ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው። ይህ የንጉሥ ሥራ ነው። ጌታ አጋንንት ሲያወጣ "ወደ ኃይለኛው ቤት ገብቶ፣ አስቀድሞ ኃይለኛውን ሳያስር ዕቃውን ሊበዘብዝ የሚችል የለም" ያለው እዚያው ማርቆስ 3፥27 ላይ ነው። ገሊላ ላይ የጀመረውን ማሰር ቀራንዮ ላይ ጨረሰው። መንግሥቲቱ የመጣችው በመስቀሉ በኩል ነው እንጂ መስቀሉ የመጣው መንግሥቲቱ ስለ ቀረች አይደለም።

በልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ላሊበላ ላይ ታኅሣሥ 29፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይም ከታችም ቆመው "ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ" ይላሉ። የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤዛ ተባለ። መወለዱም፣ መጠመቁም፣ መሞቱም አንድ ማዳን ነው ብለን ነው የምናምነው።

ጠያቂው

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የኃይለኛውን ማሰር ነገር እንዲህ አያይዤው አላውቅም ነበር።

ደብረ ታቦርን ግን አልቀበለውም። በስድስት ቀን ውስጥ ለሚሆን ነገር "ሞትን የማይቀምሱ አንዳንዶች አሉ" ይባላል? ይህ አነጋገር ብዙ ዓመት የሚያልፍበትን፣ ከቆሙት ብዙዎቹ የሚሞቱበትን ጊዜ የሚጠቁም ነው። ጳውሎስም በመጀመሪያው ተሰሎንቄ "እኛ ሕያዋን ሆነን የምንቀር" ሲል ራሱን ከሚቀሩት ጋር ቆጥሯል። ሁሉም በቅርብ ይጠብቁ ነበር።

የቅኔ ቤት ልጅ

መጠበቃቸውን አልክድም ልጄ። ሊጠብቁም ይገባ ነበር። ነገር ግን ይህ ትውልድ አያልፍም ባለበት ምዕራፍ፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ ያችን ቀን "ልጅም ቢሆን" የሚያውቅ የለም ይላል። አስቡት እስኪ። ወንጌሉን የጻፈ ሰው የሚያሳፍር ነገር ቢደብቅ ኖሮ ይህን ቁጥር ነበር የሚደብቀው። ምዕራፉ የሚጀምረው ደግሞ ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ በተጠየቀ ጥያቄ ነው። ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ፈረሰ። ያ ትውልድ አየው።

ጸጋ ብቻ

ሽዋይትዘርን ያነሣህ ወንድሜ፣ የሰውየውን ቀሪ ሕይወትም አብረህ አንሣው። ኢየሱስ ጊዜውን በተመለከተ የጠበቀው አልሆነም ብሎ ከጻፈ በኋላ ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ ጋቦን፣ ላምባሬኔ ሄደ። ሆስፒታል ከፈተ። ብዙውን ዕድሜውን እዚያ ጨረሰ፤ የተቀበረውም እዚያ ነው። በኢየሱስ ምክንያት ነው የሄደው። በትምህርቱ አልስማማም። ግን አለማመን ላይ ብቻ ያቆመ ሰው አድርገን አናቅርበው።

የሐይፋዋ

ሻሎም። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ የምኖረው እስራኤል ነው። እናንተ ስትከራከሩ ዝም ብዬ አነብ ነበር። አንድ የጎደለ ነገር ስላየሁ ልጻፍ።

ሁለታችሁም ወገኖች መሲሕ ምን ሊያደርግ ይመጣል የሚለውን የምትመልሱት ከወንጌል ነው። ጥያቄው ግን ከወንጌል በፊትም ነበረ። ለእኛ መሲሕ የተበተኑትን ይሰበስባል። ሰይፍ ማረሻ ይሆናል፤ ሕዝብ በሕዝብ ላይ ሰይፍ አያነሣም (ኢሳ. 2)። በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው የአይሁድ ሊቅ ረምበም (ማይሞኒደስ) በግልጽ ጽፎታል። ይህን ያልፈጸመ ወይም የተገደለ ሰው ኦሪት ተስፋ የሰጠችው እርሱ አይደለም።

ይህ ለአያቶቼ የመጽሐፍ ክርክር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴያችን የመዳን ጊዜ ደረሰ ብለው ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ። ከጎንደር አካባቢ እስከ ትግራይ ደርሰው ቀሩ። ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። የሞኝ ጉዞ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ስለ መዳን ምን ያምኑ እንደነበር ከዚያ እረዳለሁ። መዳን ማለት ተነሥተው የሚሄዱበት፣ ደርሰው በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ነበር። ሲግድ በሚባለው በዓላችን ላይ ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው የጸለዩትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ "መጣ፣ አዳነ፣ አለቀ" ስትሉኝ ዓለሙን አየዋለሁ። ጦርነቱ እንዳለ ነው። ምኑ ነው ያለቀው?

ጠያቂው

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ወንጌሉ ውስጥም አለ። ኤማሁስ መንገድ ላይ ቀለዮጳና ጓደኛው "እኛ ግን እስራኤልን እንዲቤዥ ያለው እርሱ እንደ ሆነ ተስፋ አድርገን ነበር" ይላሉ (ሉቃ. 24፥21)። ነበር። ከትንሣኤ በኋላ እንኳ የሐዋርያት ጥያቄ "በዚህ ወራት ለእስራኤል መንግሥትን ትመልሳለህን?" ነው (ሐዋ. 1፥6)። ሦስት ዓመት አብረውት የኖሩ ሰዎች "ሊሞትልን መጣ" የሚለውን ከእርሱ አፍ ሰምተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይጠይቁ ነበር?

ጸጋ ብቻ

ይጠይቁ ነበር። ሰምተው አልገባቸውም። ማርቆስ ራሱ "እነርሱ ግን ነገሩን አላስተዋሉም፥ እንዳይጠይቁትም ፈሩ" ይላል (9፥32)። ሊሞት ነው ሲላቸው ጴጥሮስ ገሠጸው። ቤዛ ልሆን መጣሁ ካለበት ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሎ ያዕቆብና ዮሐንስ በቀኝና በግራ ለመቀመጥ ይለምኑታል። ሰው የማይፈልገውን ነገር ቢሰማም አይሰማም።

የሐይፋዋ እህቴ፣ ሕመምሽ ይገባኛል። አለቀ አንልም። በጸሎተ ሃይማኖትም "ዳግመኛ ይመጣል" እንላለን። ናዝሬት ምኩራብ ውስጥ የሆነውን አንብቢው። የኢሳይያስን መጽሐፍ ሰጡት። "ለድሆች ወንጌልን እሰብክ ዘንድ ቀብቶኛልና" እያለ እስከ "የተወደደችውን የጌታን ዓመት" አነበበ። ቀጥሎ ኢሳይያስ 61፥2 ላይ "አምላካችንም የሚበቀልበትን ቀን" የሚል አለ። እዚያ ሳይደርስ መጽሐፉን ጠቅልሎ ለአገልጋዩ ሰጠና ተቀመጠ። የሁሉም ዓይን እርሱ ላይ ነበር። "ዛሬ ይህ ጽሑፍ በጆሮአችሁ ተፈጸመ" አለ። ግማሹን ነው ያነበበው። ምሕረቱ አሁን ነው፤ ፍርዱ ይቆያል።

የሐይፋዋ

ያቆመበትን ቦታ አስተውዬው አላውቅም። አመሰግናለሁ። ግን ከነቢዩ ግማሹን ማንበብ ለእናንተ መልስ ይሆናል እንጂ ለእኔ ግማሹ ነው። የቀረውን የሚያደርገውን እጠብቃለሁ።

አወያይ

ሁለት መልእክቶችን አንሥቻለሁ። አንዱ ኦርቶዶክሱን፣ አንዱ ጴንጤውን የሚሳደቡ ናቸው። የሌላውን እምነት ሳትዘልፉ ጻፉ። ክርክሩ ጥሩ ሄዷል፣ ቀጥሉ።

ማስረጃ ፈላጊ

እኔ ወደ ዋናው ልመለስ። እግዚአብሔር ይቅር ማለት ከፈለገ ለምን ደም አስፈለገው? ማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች ጣራ ነድለው ሽባውን ያወርዱታል። ኢየሱስ ያየውና "አንተ ልጅ፥ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ" ይለዋል። በቃ። መስቀል የለም፣ መሥዋዕት የለም። የጠፋው ልጅ አባትም (ሉቃ. 15) ከሩቅ ሮጦ አቀፈው፤ አስቀድሞ ካሣ ይክፈል አላለም። የኢየሱስ ራሱ ትምህርት ይቅርታ በነጻ ነው የሚል ነው። ቅጣቱን ሌላ ሰው ይቀበል የሚለው ከየት ገባ?

ቤዛ ሲባልስ ለማን ነው የተከፈለው? ለሰይጣን ከሆነ ሰይጣን ባለመብት ሆነ። ለአብ ከሆነ አብ የልጁን ደም የሚፈልግ ሆነ።

የቅኔ ቤት ልጅ

ይህንን ጥያቄ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ4ኛው መቶ ዘመን ጠይቆታል። ለሰይጣን ተከፈለ ማለትን ነውር ነው ብሎ ጣለው። አብስ በልጁ ደም እንዴት ደስ ይለዋል ብሎም ጠየቀ። ስለዚህ መጠየቅህ ከአባቶች መንገድ አያወጣህም።

ቅዱስ አትናቴዎስ ነገሩን ከሕይወትና ከሞት አንጻር ነው ያየው። የሰው ልጅ ወደ ጥፋት እየሄደ ነበር። ሕይወት የሆነው ቃል ሟች ሥጋ ለበሰ፤ ሞትንም በገዛ ቤቱ ገብቶ ሻረው። ይህ አባት ለእኛ ሩቅ አይደለም። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ነው። የአገራችን ክርስትና ሲጀመር የሰማው መልስ ይህ ነው። የፍርድ ቤት ቅጣት የሚመስለው አነጋገር ብዙ ቆይቶ በምዕራቡ ዓለም ነው የጎለበተው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ እግዚአብሔር ክብርና ስለ ካሣ ጻፈ፤ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ቅጣት አዞሩት።

ጸጋ ብቻ

መምህር፣ በታላቅ አክብሮት፣ ኢሳይያስ 53 "የደኅንነታችንም ተግሣጽ በእርሱ ላይ ነበረ" ይላል። ይህ ምዕራባውያን የጨመሩት አይደለም። ድሉን እኔም አምናለሁ። ግን በደልስ? የተበደለ ሰው አለ። አንድ ሰው ገንዘብህን ወስዶ ቢያጠፋውና ብትምረው፣ ገንዘቡ አይመለስም። ጉዳቱን አንተ ተሸከምከው ማለት ነው። ይቅርታ ለተቀባዩ ነጻ ነው፤ ለሰጪው ግን ነጻ ሆኖ አያውቅም። ሌላ ሰው አልተቀጣም፤ እግዚአብሔር ራሱ ነው የተሸከመው።

የቅኔ ቤት ልጅ

ይህን ያልሽውን እቀበለዋለሁ ልጄ። የሽባውንም ነገር እዚያው ማርቆስ ይመልሰዋል። "ኃጢአትህ ተሰረየችልህ" ባለ ጊዜ ጻፎች በልባቸው ምን አሉ? "ይህ ሰው ስለ ምን እንደዚህ ያለ ስድብ ይናገራል?" አሉ። 3፥6 ላይ ፈሪሳውያን ሊያጠፉት ከሄሮድስ ወገን ጋር ተማከሩ። 14፥64 ላይ ሊቀ ካህናቱ ልብሱን ቀዶ "ስድቡን ሰማችሁ" አለ። ክሱ አንድ ነው። ሽባው አልጋውን ተሸክሞ በነጻ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ይቅር ያለው ግን በዚያው ቃል ምክንያት ወደ ሞት መሄድ ጀመረ።

ጠያቂው

መምህር፣ ይህ በጣም ከበደኝ። በጥሩ መንገድ ነው የምለው።

ግን አንድ ልዩነት አለ። እርስዎ ያሉት ባደረገው ነገር የተነሣ ተገደለ የሚል ነው። ይህን እኔም አምናለሁ። እንዲገደል መጣ የሚለው ግን ሌላ ነው። የእኔ ክርክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እውነት የተናገረ ሰው ሊገደል ይችላል፤ እንዲገደል ተወለደ አንልም።

ጸጋ ብቻ

ጌቴሴማኒ የት እንዳለች አስብ። ደብረ ዘይት ተራራ ግርጌ ናት። ሌሊት ነው፤ ጠባቂዎቹ ገና አልደረሱም። ተራራውን ተሻግሮ ቢሄድ ቢታንያ ናት፤ ከኢየሩሳሌም ያላት ርቀት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ የይሁዳ ምድረ በዳ ይጀምራል፤ ዳዊት ከሳኦል የተሸሸገበት ምድር። መንገዱን ያውቀዋል። "ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ" ብሎ ጸለየ፣ ላብ እስኪያልበው ድረስ። ግን አልሄደም። ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

ማስረጃ ፈላጊ

ሶቅራጥስም መሸሽ ይችል ነበር፣ አልሸሸም። ላመነበት የጸና ሰው ሁሉ ሊሞት መጣ አይባልም።

ጸጋ ብቻ

ሶቅራጥስ ግን ከመሞቱ በፊት እንጀራ ቆርሶ "ይህ ሥጋዬ ነው" አላለም። ጽዋ አንሥቶ "ስለ ብዙዎች የሚፈስ" ደሜ ነው አላለም። ይህን ማርቆስ ብቻ አይደለም የሚነግረን፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 "ተቀበልሁ" ብሎ አስተላልፎታል። ከመያዙ በፊት ለሞቱ ትርጉም የሰጠው ራሱ ነው። ያዘኑ ተከታዮች ገና አላዘኑም ነበር።

ጠያቂው

እራቱ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃችሁ መሆኑን እቀበላለሁ። ከጳውሎስ በፊት የነበረ ነገር ነው፤ ከሌሊቱ የሆነ ነገር እንደተላለፈ አምናለሁ።

ቀጣዩን ቁጥር ግን አብረን እናንብብ፤ ማርቆስ 14፥25። "በእግዚአብሔር መንግሥት አዲሱን እስከምጠጣበት እስከዚያ ቀን ድረስ ከወይኑ ፍሬ ወደ ፊት አልጠጣም።" ጽዋው እጁ ላይ እያለ የሚናገረው ስለምትመጣው መንግሥት ነው። መምህር እንዳሉት ሁለቱን አልለያቸውም፤ በዚህ እርስዎ ልክ ነዎት። እኔ አሁን የቀረኝ ጥያቄ ያ ቀን ነው። የሐይፋዋ እህታችን የምትጠብቀውን እኔም አላየሁም፤ አማኝ ያልሆንኩትም በዋናነት ስለዚህ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ

እንግዲህ ጥያቄው ከለምን መጣ ወደ መቼ ይመጣል ተዛወረ። ለእርሱ የማቴዎስ 24ንና የ2ኛ ጴጥሮስ 3ን አንድምታ ይዤ እመጣለሁ። አዲስ ክር ክፈትለት ልጄ፤ የሐይፋዋም እንዳትቀሪ።